«ሳይቆረጥ በብርሃን የሚያይ መሣሪያ መጣ» ብላችሁ እብጠቱን አታቆዩት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ነው፤ አብዛኛው ግን እናቶቻቸው እዚያ ያሉ፣ ራሳቸው አዲስ አበባ የሚኖሩ ልጆች የሚልኩት ነው። ከጥያቄው ጋር አጭር ቪዲዮ ያያይዛሉ። አንዲት ሴት ጥቁር መነጽር አድርጋ ተኝታለች፤ ሐኪሟ እንደ አልትራሳውንድ ያለ መሣሪያ ጡቷ ላይ ያንሸራትታል፤ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ይታያል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ዶክተር፣ ይሄ ሳይቆረጥ ካንሰርን የሚለየው መሣሪያ አገራችን ገብቷል ወይ? እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አላት። ናሙና ይወሰድ ሲሏት ብረት አይነካኝም ብላለች። ይሄን ብንጠብቅላትስ?»

መልሴን ከፊት ላስቀድመው። አትጠብቁ። መሣሪያው እውነተኛ ነው፣ ሳይንሱም ያምራል፣ እኔም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ነገር ግን ቪዲዮው እንደሚለው ናሙና መውሰድን አያስቀርም። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማልና ትንሽ ታገሡኝ።

ማታ ማታ ልጆች የስልካቸውን መብራት አብርተው መዳፋቸው ሥር ሲያደርጉት እጃቸው ቀይ ሆኖ ሲያበራ አይታችኋል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይገባል፤ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳለፈ በየአቅጣጫው ይበተናል። ክረምት ላይ ጣርማ በርን በጉም ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የመኪናው መብራት ይበራል፣ ፊት ለፊት ግን ነጭ ጉም እንጂ መንገዱ አይታይም። መዳፋችሁ ውስጥ ያለውን አጥንትና የደም ሥር በስልክ መብራት ለይታችሁ ማየት የማትችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፅ ግን ሥጋ ውስጥ እንደ ብርሃን አይበተንም። አልትራሳውንድ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፣ የተመለሰለትን የገደል ማሚቶ ሰብስቦ ምስል ይሠራል። የአልትራሳውንድ ችግሩ ሌላ ነው። ቅርጽን ያሳያል፣ ጠንካራውን ከውኃማው ይለያል፣ ነገር ግን በትናንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ኦክስጅን ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ አይነግረንም። ያንን የሚነግረን የደሙ ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ የብርሃን ሥራ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ማጋባት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ መንዝና ጊሼ ያለ ሰው ደግሞ ይህንን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መብረቅ ሲወርድ መጀመሪያ ብልጭታው ይታያል፣ ቆይቶ ነጎድጓዱ ይመጣል። ነጎድጓዱ ከየት መጣ? መብረቁ ያለፈበትን አየር በቅጽበት አጋለው፤ የጋለው አየር በድንገት ሰፋ፤ ያ ድንገተኛ መስፋት ድምፅ ሆነ። ሽማግሌዎቻችንም በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለውን ጊዜ አይተው «ራቅ ብሏል» ወይም «እረኞቹን ጥሩ፣ ቀርቧል» ይላሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ሦስት ሰከንድ ብትቆጥሩ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ፎቶአኩስቲክ የሚባለው አዲሱ ምርመራ ይኸው ነው። ጥቃቅን መብረቅና ጥቃቅን ነጎድጓድ በሰውነት ውስጥ። መሣሪያው የሰከንድን ጥቂት ቢሊዮንኛ ብቻ የሚቆይ የሌዘር ብርሃን ቆዳ ላይ ይልካል። ብርሃኑ ገብቶ ይበተናል፣ ግድ የለም ይበተን። ደም ያለበት ቦታ ሲደርስ ደሙ ይውጠዋል፤ ከዲግሪ ጥቂት ሺኛ የምታህል ሙቀት ትጨምራለች፤ ታካሚዋ ምንም አይሰማትም። የሞቀው ይሰፋል፣ የሰፋው ድምፅ ይወልዳል፣ ድምፁ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ እየሮጠ ቆዳ ላይ ይወጣል፣ እዚያ አልትራሳውንዱ ጆሮውን ደቅኖ ይጠብቀዋል። ከብርሃኑ እስከ ድምፁ ያለውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይቆጥርና «ይህ ደም በዚህ ያህል ጥልቀት ነው» ይላል፤ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ። ሁለት ዓይነት ብርሃን እያፈራረቀ ሲልክ ደግሞ ኦክስጅን የያዘውን ደም ካልያዘው ይለያል። በቪዲዮው ላይ ያያችሁት አረንጓዴና ቀይ ቀለም ይህ ነው። መነጽሩ ዓይንን ከሌዘሩ ለመጠበቅ ነው። የራጅ ዓይነት ጨረር የለበትም።

ብርሃን ድምፅ እንደሚወልድ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 የፀሐይን ብርሃን እየቆራረጠ ቁስ ላይ ቢያሳርፍ ቁሱ ድምፅ እንደሚሰጥ አግኝቷል። ለሕክምና ለመዋል ግን ጥሩ ሌዘርና ፈጣን ኮምፒውተር እስኪመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ዛሬ በጀርመን ኤርላንገን ሐኪሞች የአንጀት ቁስለት ያለባቸውን ታካሚዎችና ጡንቻ የሚያደክም የዘር በሽታ ያለባቸውን ልጆች በዚህ ዘዴ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል።

ለጡት የሚሆነው መሣሪያ ደግሞ ኢማጂዮ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ነው። የተፈቀደውም ጤነኛ ጡት ላይ «ካንሰር ይኖር ይሆን» ብሎ ለመፈለግ ሳይሆን፣ በሌላ ምርመራ ተገኝቶ ያጠራጠረን እብጠት ይበልጥ ለማየት ነው። ቪዲዮው ይህንን አይነግራችሁም።

ሌላም የማይነግራችሁ አለ። መሣሪያው የተፈተነበት ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ በአሜሪካ በ16 ማዕከላት ከ2,000 በላይ ሴቶች ተሳትፈውበታል። ውጤቱን በቀላል አማርኛ ልንገራችሁ። ካንሰር ካልሆኑ 100 እብጠቶች ውስጥ አልትራሳውንዱ ብቻውን 28ቱን «ይህ ደህና ነው» ብሎ ለየ፤ ብርሃኑ ሲጨመርበት 43ቱን ለየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶች ያለ አስፈላጊ መርፌ ከመወጋት ይድናሉ። በሌላ በኩል ካንሰር ከሆኑት 100 ውስጥ አልትራሳውንዱ ብቻውን ወደ 99 የሚጠጉትን ሲይዝ፣ ከብርሃኑ ጋር 96ቱን ያዘ። ልብ በሉ፣ ካንሰሩን በመያዝ በኩል አልጨመረም፣ እንዲያውም ትንሽ ቀነሰ። ጥቅሙ ደህና የሆነውን «ደህና ነሽ» ብሎ ማሳረፉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡት። የመሣሪያው መልስ ትክክል ይሁን አይሁን የታወቀው በምን ነበር? በናሙና ነዋ! ናሙና ተወስዶ፣ ናሙና ያልተወሰደለት ደግሞ ዓመት ሙሉ ተከታትለውት። መምህሩ ናሙና ነው፤ መሣሪያው ተማሪ ነው። ተማሪው ጎበዝ ስለሆነ መምህሩ ይቅር አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ፍርሃቱ። «ነቀርሳ ስለት ከነካው ይበተናል» የሚለው አባባል በሰሜን ሸዋ ደጋ ብቻ ሳይሆን በመላው አገሪቱ አለ። የተማሩ ሰዎችም ሹክ ይሉኛል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አንዲት እናት እብጠቱን ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ደብቃ ትቆያለች፤ ቅጠል ይታሰርበታል፤ ቆዳው ሲቀደድና ሽታ ሲመጣ ሆስፒታል ትወሰዳለች፤ ናሙና ይወሰዳል ወይም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ታርፋለች። ለቀስተኛው የሚያየው የመጨረሻውን ነገር ነው፦ ብረት ነካት፣ ሞተች። ሁለቱን ዓመታት ማንም አላያቸውም፤ ነጠላዋ ሥር ነበሩ።

እውነቱ ይህ ነው። መርፌው ሲገባና ሲወጣ በመንገዱ ላይ ጥቂት ሴሎችን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል እኛም እናውቃለን። ነገር ግን በመርፌ ናሙና ስለተወሰደላቸው በሽታው ተሰራጭቶባቸው ቶሎ የሞቱ ሴቶች አሉ የሚል ማስረጃ የለም። ካንሰርን የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። ደግሞም ናሙና ሲባል ብዙዎች ጡት የሚቆረጥ ይመስላቸዋል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቦታው ደንዝዞ በመርፌ የሚወሰድ ቁራጭ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል።

ናሙናው ደግሞ «ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ አይልም። የካንሰሩን ዓይነት ይናገራል። አንዳንዱ የጡት ካንሰር በሴት ሆርሞን የሚመገብ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲሆን ታሞክሲፌንን የመሰለ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ብዙ ይጠቅማል። ሌላው ዓይነት ለዚህ ክኒን ምንም አይመልስም። ይህንን ለይቶ ሐኪሙን «ይህን ስጣት» የሚል በብርሃንም በድምፅም የሚሠራ መሣሪያ ዛሬ የለም። ስለዚህ እናታችሁ ናሙናን ስትከለክል መርፌውን ብቻ አይደለም የምትከለክለው፤ መድኃኒቷን የመምረጫውን መንገድ ነው።

መፍራቷ ግን ነውር አይደለም። እኔ የምለው ለልጆች ነው፤ «እማዬ አትፍሪ» ብላችሁ አትለፉት። «ምኑን ነው የምትፈሪው?» ብላችሁ ጠይቋት። አንዷ መርፌውን ትፈራለች፣ አንዷ በወንድ ሐኪም ፊት መገላለጥን፣ አንዷ ደግሞ በግ ተሽጦ የሚወጣውን ገንዘብ። ሦስቱም መልስ አላቸው፣ ግን መልሱ አንድ አይደለም። ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብቷ ነው። የጤና መድኅን መታወቂያ ካላት ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አሠርታ ብትሄድ ይሻላል። ጸበሏንም ትጠመቅ፣ ማንም አይከለክላትም፤ ከጸበሉ ጋር መርፌውን ማስኬድ ይቻላል። እብጠቱ ላይ የሚያቃጥል ቅጠል ማሰርን ግን ተዉ፤ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ምርመራውንም ያበላሻል።

ስለ መሣሪያው ሌላ የማነሳው ነገር አለ፤ ስለ ቆዳችን። በዚህ ጉዳይ ትንሽ እልኸኛ ነኝ።

ብርሃን ወደ ሰውነት ለመግባት መጀመሪያ ቆዳን ማለፍ አለበት። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ደግሞ ብርሃንን ይውጣል። ለፀሐይ ይህ ጥሩ ነው፤ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ለሚያርስ ገበሬ ቆዳው ጃንጥላው ነው። በብርሃን ለሚሠራ መሣሪያ ግን እንቅፋት ነው። ብርሃኑ ቆዳው ላይ ሲዋጥ እዚያው ቆዳው ራሱ ነጎድጓድ ይሆናል፤ ጥልቁን የሚሰማው ጆሮ በቅርቡ ድምፅ ይረበሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስና የብራዚሉ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ይህንኑ አሳይቷል፤ 18 ፈቃደኛ ሰዎች ክንድ ላይ ሞክረው፣ ቆዳው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ እንደሚሄድ አይተዋል። ደግነቱ የድምፁን ሂሳብ በሌላ ዘዴ ቢሠሩት ምስሉ በጥቁር ቆዳ ላይም እንደሚጠራ ጨምረው አሳይተዋል። ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም፤ አስቀድሞ የሚያስብበት ሰው ይፈልጋል እንጂ።

ይህ የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በብርሃን ደምን የሚያይ አንድ መሣሪያ አሁንም ቤታችን አለ። ልጃችሁ በሳንባ ምች ስትታመም ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጣቷ ላይ የሚቆነጥጥ ነገር አድርገው ቁጥር ያነባሉ፤ ፐልስ ኦክሲሜትር እንለዋለን። እሱም ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት አሳልፎ ስንት በመቶው ደም ኦክስጅን እንደያዘ ያነባል። የፎቶአኩስቲክ ታላቅ ወንድም ነው በሉት፤ ድምፅ የለውም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጃፓን ተፈልስፎ በዓለም ሁሉ ሲያገለግል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ጊዜ ከሚሺጋን የመጡ ሐኪሞች አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳተሙ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸው ታካሚዎች ደም ተቀድቶ ሲለካ፣ ከጥቁሮቹ 100 ታካሚዎች ወደ 12 የሚሆኑት በእርግጥ ኦክስጅናቸው አደገኛ በሆነ መጠን ዝቅ ያለ ነበር፤ ከነጮቹ ወደ 4 ብቻ። መሣሪያው «ደህና ነህ» እያለ ሰው እየታፈነ ነበር ማለት ነው። ይህ ለመታወቅ አርባ ዓመት በላይ መፍጀት አልነበረበትም።

ለደጋ ወላጆች እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር፤ ጉዳዩ ልጅ ነውና። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ ከዚያም ይበልጣል። መርሐቤቴ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ አገር ነው፣ ቆላ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የኦክስጅን ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያይ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፋል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞች አማካይ የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎችና በጎረምሶች ላይ ነው እንጂ በሕፃናት ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ለልጅ ቁጥር አድርጋችሁ አትውሰዱት። እኔ የምወስደው ይህን ነው፦ ደጋ መኖር ለዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ምክንያት አይሆንም፤ ደህና የመሰለ ቁጥርም ልጁ ሲያቃስት አያሳርፍም። ልጃችሁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከደከመና አልነቃ ካለ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን «እዩልኝ» በሉ። ቁጥሩ ለሐኪሙ አንድ ምስክር ነው፤ እናት ሌላዋ ምስክር ናት። እጁ ከቀዘቀዘ መሣሪያው በደንብ አያነብምና ጣቱን አሙቁለት፤ ጥፍር ላይ ቀለም ወይም ሂና ካለ ሌላ ጣት ይሞከር።

ታዲያ ይህ ታሪክ ከጡቱ መሣሪያ ጋር ምን አገናኘው? አዲሱ መሣሪያ በታላቁ ወንድሙ መንገድ እንዳይሄድ ነው። ነገ አንድ የግል ሆስፒታል ወይም የመንግሥት ግዢ ይህንን መሣሪያ ሊያስገባ ቢነሳ፣ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው አይደለም። «እንደኛ ቆዳ ባላቸው ስንት ሴቶች ላይ ተፈተነ? ውጤቱ ለብቻው ተነቅሶ ታይቷል ወይ?» ነው። በአገራችን የጡት ካንሰር በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን በብዛት ይይዛል፤ የወጣት ጡት ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራም በደንብ አይታይም። ስለዚህ አልትራሳውንድ ላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ ለእኛ ከሌላው ይልቅ ይጠቅመናል፤ ከተፈተነልን። ከሌዘር ይልቅ በኤልኢዲ አምፖል የሚሠሩ፣ አነስ ያሉና ዋጋቸው ዝቅ የሚል የዚህ ዓይነት መሣሪያዎችም ለምርምር እየተሠሩ ነው። አንድ ቀን ወደ ገጠር ሆስፒታል የሚመጣ ካለ እንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ያም ሆኖ ገንዘቡን ስጠኝና ምረጥ ብትሉኝ፣ ሌዘሩን ዛሬ አልገዛም። ከመሣሪያው ግማሹ፣ ማለትም አልትራሳውንዱ፣ ሆስፒታሎቻችን ያውቁታል። የጎደለው ጡትን በአልትራሳውንድ አይቶ የሚፈርድ የሠለጠነ ሰው፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ባለሙያ፣ እንዲሁም ናሙናው ከመንዝ ወጥቶ ውጤቱ እስኪመለስ ያለው መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ መጠናቀቅ አለበት ይላል። ስድሳ ቀን። መንገድ በሚዘጋበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ ባለሙያ በሚዘዋወርበት አገር ይህ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሌዘሩ ከእነዚህ አንዱንም አያሳጥረውም። ይህን የምለው አዲስ ነገርን ስለምጠላ አይደለም፤ ጉድጓድ ሳይቆፈር ጣሪያ እንዳይገዛ ነው።

ለገንዘባችሁም ተጠንቀቁ። ወሬው ከተሰማ በኋላ ስሙን የሚነግድበት መምጣቱ አይቀርም። አንድ ሰው «በብርሃን» ወይም «በኮምፒውተር» እጃችሁን አስይዞ ሙሉ ሰውነታችሁን አይቶ ካንሰር እንዳለና እንደሌለ እነግራችኋለሁ ካላችሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። እውነተኛው ፎቶአኩስቲክ ጄል ተቀብቶ፣ እብጠቱ ላይ ተደርጎ፣ ዓይን በመነጽር ተሸፍኖ የሚሠራ ነው፤ የሚያየውም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። ሆድንና ራስን ጨምሮ ሁሉንም በአንዴ አያይም።

አሁን እብጠት ይዛችሁ ይህንን ለምታነቡ። ጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ በተለይ በወጣቶች። ይህንን የምላችሁ ቤት እንድትቀመጡ ሳይሆን በፍርሃት እንዳትደበቁ ነው። የማይጠፋ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ብብት ሥር ያበጠ ነገር ካለ በቅርብ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ወይም ጤና ጣቢያን አማክሩ። አይታመምም ብላችሁ አትተዉት፤ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። የሚያጠቡ እናቶችም «ወተት ነው» ብለው ሳምንታት አያሳልፉ። ከጤና ጣቢያው ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል፣ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ብርሃን ትላካላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ በዚያ ቀን መኖሩን አረጋግጡ፤ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ «ነገ ኑ» መባል ብዙ እናቶችን አስቀርቷል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ሕክምና ሲሆን አዲስ አበባ ይሆናል፤ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፣ ዛሬ ሌሎችም እየተጨመሩ ነው።

እግረ መንገዴን ለነፍሰ ጡሮች፤ አልትራሳውንድ ማለት «ወንድ ነው ሴት» ማወቂያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርግዝናው 24 ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጊዜ መታየትን ይመክራል። ሆስፒታል ለዚህ ስትሄዱ ጡታችሁንም አስዩ፤ አንድ መንገድ ነው።

ናሙና የተወሰደላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ሳትይዙ ከዚያ ክፍል አትውጡ፦ ናሙናው የት እንደሚላክ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ደርሶ ማን እንደሚደውልላችሁ። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የምትኖሩ ከሆነ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ የአንድ ዘመድ ስልክም አስመዝግቡ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ታካሚዋ ሳትገኝ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሲቆይ አይቻለሁ። የተባለው ቀን ካለፈ እናንተ ደውሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም፣ ቢቆጣም ደውሉ። ወረቀቱን ስትቀበሉ ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዋናውን ደግሞ ለሚቀጥለው ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ።